ነጋዴ በስም ጉዳይ ምን አገባው? ለሚሉ፤ ከካርቲየ 7 ቢስ የተጻፈ ምላሽ

ጅቡቲ ከተማ አዲስ የገባ አበሻ «ካርቲየ 7 ቢስ» ሲባል ሳቅ ይቀድመዋል። በእኛ አፍ «ቢስ» የጎደለው ማለት ነዋ፤ ዕድለ ቢስ፣ መላ ቢስ፣ ምግባረ ቢስ። ሰባት ምን ቢጎድለው ነው? ፈረንሳዮች ግን «ቢስ» የሚሉት ቁጥር ሲደገም ነው። ሰባት ተይዟል፣ ሌላ ሰባት ደግሞ ተፈልጓል፤ እንግዲያው ይኸኛው ሰባት ቢስ ይባል። ማንም ሳይከፋ ሁለት ሰፈር በአንድ ቁጥር ይኖራል። እዚህ ከተቀመጥኩ ወዲህ ይህችን ዘዴ አደንቃታለሁ።

ኢንተርኔት እንዲህ ያለ ዘዴ የለውም። በዓለም ላይ ያለው ዶት ኮም አንድ ነው፤ ዶት አፍሪካም አንድ ነው። የስሞች ሁሉ መነሻ የሆነው የሥር መዝገብ አንድን ስም ለሁለት አይሰጥም፤ ቢሰጥማ የላክነው ኢሜይል የትኛው ደጅ እንደሚያንኳኳ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ ስም ሲፈልግ አንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዶት አፍሪካን ሁለት ፈለጉት። አንደኛው ሶፊያ በቀለ የሚመሩት ዶትኮኔክትአፍሪካ ነው። ሶፊያ በቀለ አዲስ አበባ ተወልደው አሜሪካ የተማሩ፣ በካሊፎርኒያም በአዲስ አበባም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኩባንያ ያቋቋሙ ነጋዴ ናቸው። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካን የድረ ገጽ ስሞች የሚያስተዳድረው፣ ለትርፍ ያልቆመው ዜድኤሲአር ነው፤ ከጀርባው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን አለ። ስሙን ሰጪው የዓለምን የኢንተርኔት ስሞች የሚያስተባብረው፣ ካሊፎርኒያ የተመዘገበው አይካን ነው። ሁለቱ ያመለከቱት በ2012 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ስሙ በፌብሩዋሪ 2017 ለዜድኤሲአር ተላልፎ ሥር መዝገብ ገባ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ለማንኛውም ገዢ ተከፈተ። ሙግቱ ግን ቀጥሎ በ2021 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአይካን ፈረደ።

በእኛ ሰው መካከል ይህ ነገር ሲነሳ ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንደኛው ቡና ላይ የሚወራ ነው፤ «የአገራችን ልጅ ተቀማች» የሚል። ለእሱ ብዙ ቀለም አላባክንም። የተቀማ ሰው መጀመሪያ በእጁ የነበረ ነገር ይኖረዋል፤ ዶት አፍሪካ ግን በማንም እጅ አልነበረም። ሁለተኛው የተማረ ሰው ወሬ ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ በሰከነ ድምፅ ስለሚነገር አድማጭ ይበዛለታል። እንዲህ ይላል፦ የአፍሪካ ስም የአፍሪካ ሕዝብ ነው፤ የሕዝቡ ተወካይ መንግሥት ነው፤ ነጋዴ ወደ ስም ፖሊሲ የሚገባው ትርፍ ሽቶ ነው፤ ስለዚህ የዶት አፍሪካ ፍጻሜ የሕዝብ ጥቅም የግል ጥቅምን የረታበት ነው። ምላሼ ለዚህ ነው። ከአራቱ ሦስተኛውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ነጋዴ የሚገባው ትርፍ ሽቶ ነው። የማልስማማው ከቀሩት ጋር፣ ይልቁንም ከመደምደሚያው ጋር ነው።

የስም ፖሊሲ የት እንደሚረቀቅ የሚያውቅ ሰው «ነጋዴ ምን አገባው?» ብሎ አይጠይቅም። ጂኤንኤስኦ የሚባለው የአይካን ክንፍ፣ ዶት ኮምን የመሳሰሉ ስሞች የሚተዳደሩበት ፖሊሲ የሚወጣበት ሸንጎ፣ ሲቋቋምም ወንበሮቹ ለባለ ጥቅሞች የተደለደሉ ናቸው። ስም የሚያስተዳድሩት ወንበር አላቸው፤ ስም የሚቸረችሩት አላቸው፤ የንግድ ድርጅቶች፣ የንግድ ምልክት ጠበቆች፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራትም አላቸው። መንግሥታት የሚሰበሰቡት በሌላ ክፍል ነው፤ ጋክ በሚባለው አማካሪ ኮሚቴ። ሶፊያ በቀለ ከ2005 እስከ 2007 በጂኤንኤስኦ ምክር ቤት የተቀመጡት በዚህ አሠራር፣ በአስመራጭ ኮሚቴ ተመርጠው ነው። በጓሮ በር የገቡ አይደሉም።

በእርግጥ ይህ አደረጃጀት የጥቅም ግጭትን ቤተኛ አድርጎታል። የአይካን ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት የኒው ዚላንዱ ጠበቃ ፒተር ዴንጌት ትራሽ ጁን 2011 ሲንጋፖር ላይ አዳዲስ ስሞች እንዲፈቀዱ ድምፅ ያሰጡ ሰው ናቸው። ከሳምንታት በኋላ እነዚያኑ አዳዲስ ስሞች ለመያዝ የተቋቋመ ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ ሊቀ መንበር ሆኑ። ሶፊያ በቀለም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። የአዳዲስ ስሞች ፖሊሲ የተረቀቀው ከ2005 መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 2007 ነው፤ እሳቸው ምክር ቤት በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ደንቡ ሲሰፋ መርፌ የያዘ ሰው ልብሱን ሊለብስ ሲመጣ ሰው ቢያየው አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ አንገታቸውን ያነቀው ቁልፍ በዚያ ምክር ቤት አልተሰፋም። የክፍለ ዓለም ስም የሚጠይቅ አመልካች በዚያ ክልል ካሉ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን ድጋፍ ያምጣ የሚለው ግዴታ ጂኤንኤስኦ በ2007 ባጸደቀው ሰነድ ውስጥ የለም። ኋላ አይካን የአመልካቾች መመሪያውን ሲያዘጋጅ፣ መንግሥታት ሲገፉ የገባ ነው። 60 በመቶ ማለት ከ54 አገሮች 33 ነው። እዚህ ላይ ጅቡቲም ናይጄሪያም እኩል አንድ አንድ ፊርማ ናቸው፤ ለትንሽ አገር ነዋሪ ደስ የሚል ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ እንምጣ። የነገሩ ልብ እዚያ ነው፤ በአበሻ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ደግሞ ከማንም ጠበቃ በላይ ይገባዋል።

ኦገስት 2008 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ አብዱላይ ጃኔ ለሶፊያ በቀለ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ። ኦገስት 27 ቀን 2009 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ዣን ፒንግ ደገሙ። ሁለቱም ድርጅቶች አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዱ ካሳንቺስ አጠገብ፣ አንዱ ሜክሲኮ አለፍ ብሎ። የኅብረቱ ደብዳቤ አባል አገሮችን ወክሎ ስለሚቆጠር ብቻውን የ33ቱን ያህል ይመዝናል። ባለ ጉዳይ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል? ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ወጥቷል። ኤፕሪል 16 ቀን 2010 ግን ኅብረቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፦ ከባለ ድርሻዎች ጋር ተመካክረናል፣ ከእንግዲህ የግለሰቦችን ጅምር አንደግፍም፣ ጉዳዩ በግልጽ ሒደት ይታያል የሚል። ጨረታ ወጣ፤ አሸናፊው ዜድኤሲአር ሆነ። ዶትኮኔክትአፍሪካ አልተወዳደረም፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የሶፊያ በቀለ ወገን መሳሳቱን አልደብቅም። የድጋፍ ደብዳቤ የባለቤትነት ካርታ አይደለም። ሹም ይቀየራል፣ ሐሳብ ይቀየራል፤ ትናንት የፈረመ ዛሬ ፋይሉን ይዘጋል። በአንድ ትልቅ ሰው ፊርማ ላይ የአህጉር ስም የሚያህል ነገር መመሥረት በእኛ አገር የመሬት ጉዳይ ስንቱን እንዳሳበደ የምናውቀው ስህተት ነው። ነገር ግን ኅብረቱም «የሕዝብ ድምፅ» ሆኖ የቀረበው ራሱ አመልክቶ አልነበረም። 2011 ላይ አይካንን ዶት አፍሪካ ተለይቶ ይቀመጥልኝ ብሎ ጠየቀ፤ አይካን መመሪያው አይፈቅድም አለ። ስለዚህ ወኪል ፈለገ፤ ወኪሉም አንድ አገር ውስጥ የተመዘገበ የግል ማኅበር ሆነ። በኋላ በወጡ ሰነዶች ደግሞ ኅብረቱ ለዜድኤሲአር የሚሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤ ረቂቅ በማዘጋጀት የአይካን ሠራተኞች መርዳታቸው ታወቀ። አይካን ለማንም የሚሰጥ ናሙና ነው ብሎ መለሰ። ይሁን። ግን ደብዳቤ አርቃቂውና ደብዳቤ ተቀባዩ አንድ ቢሮ ከሆነ፣ ሕዝብን በግለሰብ ላይ አቁሞ የሚዳኘው ያ ውብ ምስል ፍሬሙ ይወልቃል። የቀረው በሁለት የግል ድርጅቶች መካከል የተደረገ ውድድር ነው፤ አንዱ የመንግሥታት በረከት ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም።

ታዲያ የመንግሥታቱ በረከት እንዴት ተገለጸ? ኤፕሪል 2013 ጋክ ቤጂንግ ተሰብስቦ ዶትኮኔክትአፍሪካ አይለፍ ሲል በስምምነት ምክር ሰጠ። ምክንያት አልጻፈም። የአይካን ቦርድ ኮሚቴ ጁን ላይ ምክሩን ተቀብሎ ማመልከቻውን አስቆመ፤ እሱም ምክንያት አልጠየቀም። የውጭ ባለሙያዎች ያካሂዱት የነበረው ግምገማ ሳያልቅ ፋይሉ ተዘጋ። ሶፊያ በቀለ ኦክቶበር 2013 ገለልተኛ ዳኞች እንዲያዩት ጠየቁ። ጉዳዩ ሲሰማ ለምስክርነት የቀረቡት የጋክ ሊቀ መንበር የነበሩት ካናዳዊቷ ሄዘር ድራይደን ነበሩ። በእኛ ሥራ ነገሩን ሆን ብለን ሳናጠራ የምንተወው ጠብ እንዳይነሳ ነው ሲሉ መሰከሩ፤ ለዚህም በሙያው የሚጠሩበት ስም አላቸው፣ ፈጠራ ያለበት አሻሚነት እንደማለት ነው። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ቅኔ ግን ተመሪው ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኘው ይዘረፋል፤ እዚህ ሰሙ ተሰጥቶ ወርቁ ጨርሶ አልነበረም።

ጁላይ 9 ቀን 2015 ሦስቱ ዳኞች ፈረዱ። የቦርዱ አድራጎትም ዝምታም ከራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ማመልከቻው ወደ ግምገማ ይመለስ፤ የዳኝነቱን ወጪ አይካን ይክፈል። ከዚያ ቀደም ብለው ደግሞ አይካን «ውሳኔያችሁ ምክር ነው» ሲል «አይደለም፣ ያስራል» ብለውታል። ምክንያታቸው ለሰሚ ቀላል ነው፤ አይካን እያንዳንዱን አመልካች ፍርድ ቤት አልከስም ብሎ ያስፈርማል። ሌላ ደጅ የሌለውን ሰው አንዱንም ደጅ ጥርቅም አድርገህ ዘግተህ «ተዳኝተሃል» ልትለው አትችልም።

ማመልከቻው ተመለሰ፤ በ60 በመቶው ወደቀ። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑም በ2015 የቀድሞው ደብዳቤ በመንግሥታት ስም የተሰጠ ድጋፍ እንዳልነበር ጻፈ። ሶፊያ በቀለ ጃንዋሪ 2016 ሎስ አንጀለስ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ጉዳዩ ወደ ፌደራል ተዛወረ። ኤፕሪል ላይ አንድ የፌደራል ዳኛ ስሙ እንዳይተላለፍ አገዱ፤ «አልከስም» የሚለው ፊርማም ላይጸና ይችላል አሉ። ነገሩ ወደ ክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሲመለስ ግን እግዱ ቀረ፤ በ2019 ደግሞ ፍርዱ ከሳሿን በገዛ ቃላቸው ያዛቸው። በገለልተኛው ዳኝነት ፊት «ፍርድ ቤት መሄድ አንችልምና ውሳኔያችሁ ይሰር» ብለው አልረቱም? አሁን ደግሞ ፍርድ ቤት ቆመዋል። እኛ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የምንለውን የአሜሪካ ሕግ በራሱ ስም ያውቀዋል፤ ረትተህበት የሄድከውን ክርክር ገልብጠህ አትመጣም። ይግባኝ ሰሚውም በ2021 አጸናው።

የተማረው ወሬ እዚህ ላይ «አያችሁ?» ይላል። እኔ ግን ሒሳቡን የምጽፈው እንዲህ ነው። ስሙ ወደ ዜድኤሲአር ሄደ፤ ለአንድ አገር ነጋዴ የሚሸጥለት ስም ከየትም ቢመጣ ለውጡ ትንሽ ነው። ከሙግቱ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ኦክቶበር 2016 አይካን ከአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ሞግዚትነት ሲወጣ በጸናው አዲስ ደንብ የገለልተኛ ዳኞች ውሳኔ አሳሪ እንደሆነ በጽሑፍ ሰፈረ። ጁላይ 2017 የአማዞን ኩባንያ ዶት አማዞንን በብራዚልና በፔሩ ተቃውሞ ተከልክሎ ሲሟገት፣ ሌሎች ዳኞች ያንኑ የዶት አፍሪካን ጥያቄ ለቦርዱ አቀረቡ፤ መንግሥታት አሉ ብለህ ነው ወይስ ራስህ መርምረህ? አማዞን ስሙን በ2020 አገኘ። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም፤ ዶት አማዞን የመንግሥታት ፊርማ በግዴታ ከሚያስፈልጋቸው ስሞች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም «ምክንያትህን ንገረኝ» የሚለውን መንገድ ጥርጊያ ያወጣው ከአማዞን ፍርድ ሁለት ዓመት ቀድሞ የአንዲት የአዲስ አበባ ነጋዴ ክስ ነው።

ይህን ጥያቄ ከ54ቱ መንግሥታት አንዱ ሊጠይቅ ይችል ነበር ወይ? አይመስለኝም። መንግሥት ጠያቂ የሚሆነው ሲነካ ነው፤ አሻሚነት ደግሞ ለመንግሥታት ምቹ ነው። ተመራማሪውም አይጠይቅም፤ ጽሑፍ ይጽፋል እንጂ። የጠየቀው 185,000 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ከኪሱ የወጣ ሰው ነው። እዚህ ዶላሩ ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ተቸንክሮ ስለሚኖር ስሌቱ አያስቸግርም፤ ወደ 33 ሚሊዮን ፍራንክ። የትርፍ ፍላጎት ያስነሳው ክስ ነው፤ ይሁን። ክስ የሚያስነሳ ትርፍ ፍላጎት የሌለበት ቦታ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከደጃፌ ማየት እችላለሁ።

ጅቡቲ የኬብል ከተማ ናት። ኢሲና ሲ-ሚ-ዊ 5 የሚባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች እዚህ ይወጣሉ፤ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት አንዱ መንገድ ከጋላፊ ከባድ መኪናና ከደወሌ ባቡር ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የአገሪቱ ስም ዶት ዲጄ በጅቡቲ ቴሌኮም እጅ ነው፤ የእኛ ዶት ኢቲ ከ1995 ጀምሮ ተመዝግቦ ዛሬ በኢትዮ ቴሌኮም ስም ይገኛል። በዓለም ገበያ ዶት ዲጄን የሚፈልጉት ሙዚቃ የሚያጫውቱ ዲጄዎች ናቸው። ሰፈሬ ያለ አንድ ትራንዚተር፣ ሻሸመኔ ተወልዶ ሃያ ዓመት ወደብ ላይ የኖረ፣ ቢዝነስ ካርዱን ሲሰጠኝ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ጅቡቲ፣ ስልኩ አንዱ የጅቡቲ አንዱ የኢትዮጵያ፣ ኢሜይሉ ጂሜይል ነው። ዶት ዲጄ ወይም ዶት ኢቲ ለምን አላወጣህም ብለው «ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። ዋጋውን አልጠየቀም፤ ደጁን ነው የጠየቀው። መንግሥት ብቻውን የያዘው ስም ክርክር የለበትም። ጨረታም፣ ምስክርም፣ የተሻረ ደብዳቤም የለበትም፤ ስለዚህ የሚጻፍለት ምላሽም አይኖርም። የተማረው ወሬ ይህን ጸጥታ የሕዝብ ጥቅም ይለዋል።

ከ2012 ቀጥሎ ለመጣው የአይካን ዙር የተቆረጠው የማመልከቻ ጊዜ ከኤፕሪል 30 እስከ ኦገስት 12 ቀን 2026 ነው። ክፍያው 227,000 ዶላር ሆኗል፤ ወደ 40 ሚሊዮን ፍራንክ፤ አቅም ለሌለው አመልካች ቅናሽ ተዘጋጅቶ ነበር። ከ2012ቱ የሚለየው ግን ለእኛ ሌላ ነገር ነው። የግእዝ ፊደል በሥር መዝገብ እንዴት እንደሚገባ የሚወስነው ደንብ በ2017 ጸድቋል፤ ያረቀቁት ፈቃደኛ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን ለትራንዚተሩ ስነግረው በአማርኛ ስም ቢወጣ ደስ ይለኛል አለ፤ የድርጅቱ ስም ውስጥ ፀሐይ የሚል ቃል አለ። ከካርዱ ጀርባ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈው፤ «ፀሐይ»። ቆየት ብሎ አጠገቡ «ጸሐይ» ጨመረ። ከዚያ «ፀሀይ»። «ጸሀይ»። የካርዱ ቦታ አለቀና ቀና ብሎ የትኛዋን እንደሚሰጡት ጠየቀኝ።